በረዶ ሆና የምትከርመው እንቁራሪት

የዱር እንስሳት የበረዶውን ወራት እንዴት እንደሚያልፉ ለሕፃናት ሲነገር ሁልጊዜ የሚቀድመው ድብ ነው። ድብ ጮማ አጠራቅሞ ጎሬው ይገባል፤ ወፎች ወደ ሞቃት አገር ይሄዳሉ። ይህን የአምስት ዓመት ልጅም ያውቀዋል። እኔ የምከራከረው ለሰሜን አሜሪካዋ የጫካ እንቁራሪት ነው።

ቡናማ ናት፤ ከዐይኗ ኋላ ጥቁር ጭምብል የመሰለ ምልክት አላት። ከጆርጂያ ተራሮች እስከ አላስካ ትገኛለች፤ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሚኒሶታም አለች።

የሕፃናት መጻሕፍት እንስሳቱን ሁሉ «ይተኛሉ» ብለው ያልፏቸዋል። ይህ አባባል ያናድደኛል። ይህቺ እንቁራሪት አትተኛም፤ በረዶ ትሆናለች። ብርዱ ሲመጣ እንደ ሌሎች ብዙ እንቁራሪቶች ኩሬ ሥር አትገባም፤ ከረገፈ ቅጠል ሥር ትሸጎጣለች። ውርጩ ቆዳዋን ሲነካ ጉበቷ ያጠራቀመውን ስንቅ ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ልቧም ሳይቆም በፊት ስኳሩን በደሟ ለመላ አካሏ ያዳርሳል። በረዶው ከሕዋሶቿ ውጭ፣ በቆዳዋ ሥርና በሆድ ዕቃዋ መካከል ይጋገራል። የሕዋሶቿን ውስጥ ግን ስኳሩ ይጠብቀዋል። ከሰውነቷ ውሃ 65 በመቶ ያህሉ በረዶ ሲሆን ትንፋሿም የልብ ምቷም ይቆማል። የአላስካዎቹ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ድረስ ተቋቁመው በዚህ ሁኔታ ወራት ያሳልፋሉ።

ይህን ለጎረቤቴ ልጅ ስነግራት፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ሞታለቻ!» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም፤ «ትተኛለች» የተባለ ልጅ አይጠይቀውም። መልሱን ለማሳየት ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ ወስደን አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን ስኳር በበዛበት ውሃ ሞልተን ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥን። ንጹሑ ቀድሞ ረጋ። ልጅቷ የስኳሩን ኩባያ እየነቀነቀች፣ «ሕዋሶቿ አልሞቱም» አለች። ወላጆች ይህን ቤታቸው ይሞክሩት፤ ከስኳርና ከውሃ በቀር ወጪ የለውም።

ከጫካ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ከዛፎቹ ሥር ያለውን ቅጠል ጠርጋችሁ በከረጢት አታውጡት። የእንቁራሪቷ ብርድ ልብስ እሱ ነው፤ በላዩ የሚከመረው በረዶም ከውጭው ብርድ ይከልላታል። ልጆችም አይተው ለመደሰት ብለው አይግለጡት።

ሙቀት ሲመለስ በረዶዋ ይቀልጣል፤ ልቧ ይመታል፣ ትተነፍሳለች፣ እግሮቿም ቀስ በቀስ ይንቀሳቀሳሉ። ከላይ ከቅጠሉ ሥር መክረሟ እዚህ ላይ ይጠቅማታል፤ የፀሐዩ ሙቀት ቶሎ ይደርሳታል። እንቁላል የምትጥልባቸው የጫካ ኩሬዎች በበጋ ስለሚደርቁ ልጆቿ ከዚያ በፊት እግር አውጥተው ወደ የብስ መውጣት አለባቸው። ስለዚህ የኩሬው ዳር ገና በረዶ እያለበት ወንዶቹ እንደ ዳክዬ እየጮኹ ሴቶቹን ይጠራሉ።