በዓይን ጥግ የሚታወቅ ቦታ

ክንድዎን ዘርግተው የአውራ ጣትዎን ጥፍር ይመልከቱ። በአንድ አፍታ ጥርት ብሎ የሚታይዎት ዓለም ስፋቱ ከዚያች ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የቀረው፣ በአግድም 180 ዲግሪ ገደማ የሚሰፋው እይታ፣ ደብዛዛ ነው። የማይታወቀን ዓይናችን በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ስለሚዘል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ከሬቲና ነው። 6 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት ኮን የተባሉ ሕዋሳት ቀለምንና ዝርዝርን ይለያሉ፤ ይበልጥ የተጠቀጠቁትም ፎቪያ በምትባል፣ ከ2 ሚሊሜትር በማትሰፋ ጎድጓዳ ቦታ ነው። 120 ሚሊዮን ያህል የሚሆኑት ሮድ የተባሉ ሕዋሳት ደግሞ በዙሪያዋ ተበትነው በጨለማ ያገለግላሉ። ፈዛዛ ኮከብ ፊት ለፊት ሲያዩዋት ጠፍታ፣ ጎኗን ሲያዩ ብቅ የምትለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ አንድ ፎቶግራፍ የምን ቦታ እንደሆነ የሚነግረን የቱ እይታ ነው? መሃሉ ይመስላል። አዳም ላርሰንና ሌስተር ሎሽኪ ግን ካንሳስ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር አገኙ። ፎቶዎቹን ለአንድ አስረኛ ሴኮንድ ያህል ብልጭ አደረጓቸው። አንዳንዴ መሃሉን ብቻ በክብ መስኮት አሳዩ፣ አንዳንዴ መሃሉን ሸፍነው ዙሪያውን ተዉ። 5 ዲግሪ ያህል ራዲየስ ያለው መሃል ሲሸፈን ተመልካቾች ቦታውን ከሞላ ጎደል እንደ ሙሉው ፎቶ ለዩት፤ ያው መሃል ብቻውን ሲታይ ግን ውጤታቸው ቀነሰ። መሃሉም መብቱ ይጠበቅለት፦ ስፋት ለስፋት ሲመዘን ከዳሩ ይበልጣል፤ ዳሩ የሚያሸንፈው በስፋቱ ነው።

የዳር እይታ ችግሩ ብዥታ ብቻ አይደለም፣ ግፊያም አለበት። ከላይ «ፎቪያ» በሚለው ቃል ላይ ዓይንዎን ተክለው፣ ሳያንቀሳቅሱ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን አራተኛ ቃል ለማንበብ ይሞክሩ። ፊደል መሆኑ ይታያል፤ ሰ ይሁን ሱ፣ በ ይሁን ቡ ግን አይለይም። ሆላንዳዊው ኸርማን ቦማ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳየው፣ በዳር ያለ ፊደል እንዲለይ ጎረቤቱ፣ ፊደሉ ራሱ ከመሃል ካለው ርቀት ግማሽ ያህሉን ሊርቀው ይገባል። ለጽሑፍና ለሰው ፊት መሃሉ የግድ የሆነው ለዚህ ነው። አንጎልም ይህን ክፍፍል ይከተላል፦ ለፊት የሚነቃው ክፍል ወደ መሃል እይታ፣ ለሕንፃና ለቦታ የሚነቃው ወደ ዳር ያዳላል።

በሽታ ሲመጣ ልዩነቱ ቤት ውስጥ ይታያል። ማኩላው፣ ማለትም የሬቲናው መሃል፣ የተጎዳበት አዛውንት የልጁን ፊት ቀና ብሎ ሲያየው መሃሉ ይሰወርበታል፤ ሳሎኑን ግን ወንበር ሳይነካ ያቋርጣል። ግላኮማ በብዛት የሚጀምረው በተቃራኒው ነው፤ ዳሩን ቀስ እያለ ይበላል። ጋዜጣ ማንበብ ስለሚቻል ሰው አይጠረጥርም፤ የጠፋው እይታም አይመለስም። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ፣ ይልቁንም በቤተሰብዎ ግላኮማ ካለ፣ ደህና አያለሁ ብለው አይተዉት፤ የዓይን ግፊትዎንና የዓይን ነርቭዎን ያስመርምሩ።