ስለ ልብና ስለ ኩላሊት፥ ስለ ስኳር በሽታም አንድነት

በሰው አካል ውስጥ ያሉት ብልቶች ሁሉ እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ መሆናቸውን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን በሽታ የገባ እንደ ሆነ ይህን ረስተን ልቡን የታመመውን ወደ አንድ ሐኪም፥ ኩላሊቱን የታመመውን ወደ ሌላ ሐኪም፥ ስኳር የያዘውንም ወደ ሦስተኛ እንልካለን። ሦስቱ ሐኪሞች ሳይነጋገሩ የቀሩ እንደ ሆነ አንዱን ክርክር በሦስት ችሎት ለየብቻው እንደ መፍረድ ነው። ስለዚህም የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2023 በኦክቶበር ወር የልብን፥ የኩላሊትንና ሰውነት ስኳርንና ስብን የሚያሠራበትን ሥርዓት ሕመም በአንድ ስም አስተባብሮ አስታወቀ። (በዚህ ጽሕፈት ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ግን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ብራይት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን በጋይ ሆስፒታል ሲሠራ፥ እግራቸውና ፊታቸው ያበጠውን በሽተኞች ሽንት በማንኪያ አድርጎ በሻማ ላይ ቢያሞቀው እንደ ዕንቁላል ነጭ ረግቶ አየ። ከሞቱም በኋላ ሬሳቸው ሲመረመር ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ተገኘ፤ ይህን በ1827 ባወጣው መጽሐፍ ገለጠ። በ1836 ደግሞ በብዙዎቹ ዘንድ ልባቸው ከልክ በላይ ገዝፎ መገኘቱን ጻፈ።

ኩላሊት ሲታመም ልብ የሚገዝፈው ስለ ምን ነው? ሁለቱ ኩላሊቶች ክብደታቸው ከሰውነት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ነገር ግን ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት አንዱን እጅ ያህል የሚቀበሉ እነሱ ናቸው። በያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ረቂቅ ወንፊቶች አሉ፤ በቀን 180 ሊትር ያህል አጣርተው ጥቂቱን ሽንት ያደርጉና የቀረውን ወደ ደም ይመልሱታል። ወንፊቶቹ ሲበላሹ ጨውና ውሃ በሰውነት ይቀራል፥ የደም ግፊትም ይወጣል፤ ልብም ይህን ተቋቁሞ ሲገፋ እየወፈረ ይሄዳል። በተገላቢጦሽም ልብ የደከመ እንደ ሆነ፥ ኩላሊት ደም ያነሰ መስሎት ጨውንና ውሃን ያስቀራል፤ የደከመውም ልብ ሸክሙ ይጨመርበታል። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ደግሞ የሁለቱንም ረቂቅ የደም ሥሮች ያበላሻል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸውም ስብ ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያሰናክላል። ቦርጭ በአገራችን የድሎት ምልክት ተብሎ ሲከበር መኖሩን እናውቃለን፤ የዛሬ ሐኪሞች ግን ወገብን በሜትር እየለኩ ይመዘግቡታል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው። በ1944 በማርች ወር ዶክተር ሃዋርድ ብሩን በመረመራቸው ጊዜ የደም ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኘ፤ ልባቸውም ገዝፎና ደክሞ ነበር። በዚያ ዘመን የደም ግፊትን የሚያወርድ የታመነ መድኃኒት ስላልነበረ፥ ለልባቸው ዲጂታሊስ ታዘዘላቸው፥ ጨውና ሲጋራ እንዲቀንሱ፥ እንዲያርፉም ተመከሩ። በ1945 ፌብሩዋሪ 13 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግብፅ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ኩዊንሲ በተባለችው መርከብ ውስጥ ተገናኝተዋቸው ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ኤፕሪል 12 ቀን ደም በአንጎላቸው ፈስሶ ዐረፉ። እንዲህ ያለው በሽተኛ ዛሬ ቢገኝ ግፊቱን በብዙ ዓይነት ኪኒን ማውረድ ይቻላል።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ የአንዱ ታሪክ ያስደንቀናል። በ1835 ከፖም ዛፍ ቅርፊት ፍሎሪዚን የሚባል መራራ ቅመም ወጣ፤ በኋላም ስኳርን በሽንት የሚያስወጣ መሆኑ ታወቀ። የዘመናችን ጠበብት ይህን አብነት አድርገው ለስኳር በሽተኞች ኪኒን ሠሩ። ከነዚህ አንዱ ኤምፓግሊፍሎዚን ሲፈተን፥ ስኳርን ከመቀነሱ ይልቅ በልብ በሽታ የሚሞቱትን ማሳነሱ በ2015 ተገለጠ፤ የኩላሊትንም ጥፋት አዘገየ። በ2019 ደግሞ የዚሁ ወገን የሆነው ዳፓግሊፍሎዚን ስኳር ለሌለባቸው ልበ ደካሞች እንኳ እንደሚረዳ ታየ። ሦስቱ በሽታዎች የተሳሰሩ ለመሆናቸው ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አናውቅም። ነገር ግን ይህን ኪኒን የሚወስድ ሰው ምግብ አቋርጦ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ደሙ ሊመርዝ ይችላልና፥ ጾም ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር መማከር ይገባዋል።

በቤት ውስጥ ያለውን ስንመለከት፥ ነገሩ ከሁሉ በፊት በእመቤቲቱ እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፥ ወጡ ሲወጣም ይጨመርበታል፥ አንዳንዱም ሳይቀምስ በገበታ ላይ ይደግማል። ጨው በርበሬው ላይ ካለ ድስቱ ላይ መተው ይቻላል።

ኩላሊት ሲጎዳ በመጀመሪያ አያምም፤ ስለዚህ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ደሙን ለክሬአቲኒን፥ ሽንቱንም ለአልቡሚን ያስመርምር፤ ይህ ብራይት በሻማ ያየው ያው ነገር ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ተብሎ በየሱቁ የሚገዛው አይቡፕሮፌንም የደከመ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ሽማግሌዎች ላሉበት ቤት እናሳስባለን።