ስለ ሰውነት ልጋግና ስለ ውርሱ

በአገራችን ሰውን ለማዋረድ ከሚነገሩት ቃላት አንዱ «ንፍጣም» የሚለው ነው። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሳገለግል ይህ ቃል በስድብ ክስ ውስጥ ገብቶ ብዙ ጊዜ በብዕሬ ጽፌዋለሁ። ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው ግን ንፍጥ የሚያሳፍር እድፍ ሳይሆን፤ ከአባትና ከእናት የተወረሰ የሰውነት ቅጥር ሆኖ ይገኛል።

በኢሉባቦር፤ በመቱ አቅራቢያ በሶር ወንዝ ዳር፤ የበሰለ ቀይ ቡና ለቅሞ በጣቱ የጨመቀ ሰው፤ ፍሬው የሚያዳልጥ ልጋግ ለብሶ ከገለባው ሲወጣ አይቷል። ተልባም በውሃ ሲዘፈዘፍ እንዲሁ ይዝለገለጋል። ይህ የሚሆነው ከስኳር ዘር የተሠሩ ረጃጅም ሰንሰለቶች ውሃን ይዘው ስለሚያስቀሩ ነው። የሰውም ልጋግ ውሃ የሚይዘው በስኳር ነው፤ ነገር ግን ስኳሩ ሙሲን በሚባል የፕሮቲን ግንድ ላይ እንደ ቅርንጫፍ ተተክሎ ይገኛል። ከሙሲን ክብደትም ግማሹ ወይም የሚበልጠው ይኸው ስኳር ነው።

ሙሲን እንዴት እንዲሠራ የሚያዝዘው በሕዋስ ውስጥ ያለው የዘር ጽሑፍ፤ ማለት ዘረ መል ነው። ሰው እንዲህ ያሉ ዘረ መሎች 20 ያህል አሉት፤ ሊቃውንትም ሙክ 1፤ ሙክ 2 እያሉ በቁጥር ሰይመዋቸዋል። ከእነርሱም ሙክ 2፤ ሙክ 5ኤሲ፤ ሙክ 5ቢና ሙክ 6 በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደ ወንድማማች ቤቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሙክ 2 አንጀትን፤ ሙክ 6 ጨጓራን፤ ሙክ 5ቢ የመተንፈሻን መንገድ ይጠብቃል። ሙክ 1 ግን በሕዋሱ ገጽ ላይ ተተክሎ ይቆማል።

የዚህ ጽሑፍ ጠባይ ጸሐፊን ያስደንቃል። እኛ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ብንገለብጥ ዳኛው ይገሥጸናል። በሙክ 1 ውስጥ ግን 20 አሚኖ አሲድ ያለው አንድ ቃል ከ20 እስከ 120 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ስኳሩ የሚተከለው በዚሁ ላይ ነውና፤ ድግግሞሹ በበዛ ቁጥር መትከያው ይበዛል። ቁጥሩም ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልጅ አንዱን ከአባቱ አንዱን ከእናቱ ይወርሳል። ይህን ልዩነት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ከገለጹት መካከል የሎንዶኗ ሊቅ ዳላስ ስዋሎ ይገኛሉ። እኚሁ ሊቅ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለና ከሌሎች ጋራ፤ ኢትዮጵያውያን ወተትን ለመፍጨት ስላላቸው የዘር ልዩነት በ2013 ጽፈዋል።

ሙሲኖች ሁሉ የአንድ አባት ልጆች አይደሉም። የሚዝለገለጉት እጅግ ጥንታውያን ስለ ሆኑ ዘመዶቻቸው በባሕር እንስሳት ዘንድም ተገኝተዋል። ሌሎቹ ግን ኋላ የመጡ ናቸው። በ2022 የታተመ ምርመራ 49 አጥቢ እንስሳትን አስተያይቶ፤ ተራ የነበረ ፕሮቲን ድግግሞሽ እየጨመረ ሙሲን የሆነበትን 15 ጊዜ አግኝቷል። የሰውና የአይጥ የምራቅ ሙሲን ሥራቸው ተመሳሳይ ሲሆን ትውልዳቸው ይለያያል። ቡናና ሰው ሳይዛመዱ ልጋግን እንዳበጁ፤ እነዚህም በየመንገዳቸው ወደ አንድ ሥራ ደርሰዋል።

ይህ ለቤተ ሰብ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፤ መልሱ ቅርብ ነው። ሙክ 1 በእናት ጡት ወተት ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ እንገሩን ደፍቶ ለተወለደው ሕፃን ቅቤ ማዋጥ ከእናቱ የተላከለትን ጋሻ መንጠቅ ነው። የማገዶ ጢስም አክታን ያበዛል፤ ጠርጎ የሚያወጣውንም ያደክማል። ቅጥሩም ከልክ ሲያልፍ ይጎዳል፤ ከሙክ 5ቢ አጠገብ ያለች የአንዲት ፊደል ለውጥ ሳንባ እንዲጠነክርና እንዲኮማተር ለሚያደርግ ሕመም እንደምታጋልጥ በ2011 ታውቋል።

እንግዲህ የቤት ጌቶች ሆይ፤ ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ምድጃውን አርቁ፤ መስኮትም ክፈቱ። ሳሉ ሁለት ሳምንት የሞላውን ወይም አክታው ደም ያለበትን ሰው ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱ። ልጃችሁንም «ንፍጣም» ብላችሁ አትስደቡ፤ የምትሰድቡት የራሳችሁን ውርስ ነውና።