የቶርኖ ቻክ በደኅና ስለ መትከልና ስለ መጠበቅ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ከቦሌ፣ ከገርጂ፣ ከኮተቤና ከጉርድ ሾላ የሚመጡት መንገዶች የሚጋጠሙበት ሰፈር መገናኛ ተብሎ መጠራቱ ተገቢ ነው። በዚህ ሥፍራ የሚገናኘው መንገደኛ ብቻ አይደለም፤ የተሰበረ ዘንግ፣ የተበላ የፍሬን ታምቡር ወይም ጥርሱ የረገፈ ብሎን ይዞ የሚመጣው ባለ መኪናም በዚሁና በአጎራባች ሰፈሮች ጋራዥና ቶርኖ ቤት ይጠይቃል። ቶርኖ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ ወደ እኛ ቋንቋ ገብቶ የተለመደ ሲሆን፣ ሥራው ዛሬ ለከተማችን ንግድ ትልቅ አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል።

የቶርኖ ማሽን የሚገዛ ነጋዴ የሞተሩን ጉልበት፣ የማሽኑን ርዝመትና የዋጋውን ልክ አጥብቆ ይመረምራል። የሚጠረበውን ብረት ጨብጦ የሚያዞረውን ዕቃ፣ ማለት ቻኩን ግን ከማሽኑ ጋር እንደሚመጣ ትርፍ ነገር አድርጎ የሚቆጥረው ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የቻክ አደጋ የሚታየው ማሽኑ ሲዞር ይሁን እንጂ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማሽኑ ቆሞ ሳለ፣ እንዲያውም ዕቃው በወረቀት ላይ በሚታዘዝበት ቀን መሆኑን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የባለቤቱም ነው።

በሥራ ቤቶች ሁሉ የሚታወቀው ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ ነው። በውስጡ ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው ክብ ሳህን ስላለ፣ ቁልፉ አንድ ጊዜ ሲዞር ሦስቱ መንጋጋዎች በአንድነት ወደ መካከል ይገባሉ፤ ክቡ ብረትም በራሱ መካከሉን ያገኛል። ይህን ዓይነት ቻክ እ.ኤ.አ. በ1840 ያስመዘገበው ሲሞን ፌርማን የተባለ የአሜሪካ አገር ሰው ሲሆን፣ አሠራሩ እስከ ዛሬ ከመሠረቱ አልተለወጠም። ባለ አራት መንጋጋው ደግሞ እያንዳንዱ መንጋጋ ለብቻው የሚንቀሳቀስ ስለ ሆነ፣ ቅርጹ ክብ ላልሆነ ሥራና እጅግ ትክክለኛ ልክ ለሚፈለግበት ሥራ ያገለግላል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ያለው በግዢው ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በንግድ ቤት ጸሐፊነት ሲሠራ የዕቃ ማዘዣ ደብዳቤዎች በእጁ ያልፋሉ፤ «ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ፣ 200 ሚሊ ሜትር፣ ብዛት 1» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ማዘዣም ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ማዘዣ ጎደሎ ነው፤ ቻኩ የሚገጠምበት የማሽኑ ዋና ዘንግ ጫፍ ምን ዓይነት እንደ ሆነ አይናገርምና። ባንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ጫፉ እንደ ብሎን ጥርስ ያለው ነው። ባሁኖቹ ዘንድ ደግሞ ካምሎክ የሚባለው ዓይነት በጣም የተለመደ ነው፤ መጠኑም ዲ1-4፣ ዲ1-6 እየተባለ ይጠራል። ዲ1-4 በሦስት፣ ዲ1-6 ደግሞ በስድስት ካስማ የሚያዝ ስለ ሆነ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እንግዲህ በማዘዣው ላይ የዘንጉ ጫፍ ዓይነትና ቁጥር፣ የቻኩ ስፋት፣ ቻኩ የተሠራበት ብረት፣ በደቂቃ ሊዞር የሚችልበት ከፍተኛው ልክ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ከኋላ የሚገጠመው ፍላንጅ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ የማይስማማ ዕቃ የመጣ እንደ ሆነ፣ ገንዘቡ እንዳይባክን ሲባል በብየዳና በሞረድ «ይስተካከል» የሚል አሳብ ይነሣል። አደጋው የሚጸነስበት ሰዓት ይህ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በአተካከሉ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የኤሌክትሪኩ ዋና ማጥፊያ ይዘጋል፤ የማሽኑን ማቆሚያ ብቻ መጫን አይበቃም። ቻክ ከባድ ዕቃ ነው፤ 200 ሚሊ ሜትር የሆነው ከ15 ኪሎ ግራም ያላነሰ፣ 250 ሚሊ ሜትር የሆነውም ወደ 30 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት አለው። ስለዚህ በማሽኑ ሐዲድ ላይ ለቻኩ ክብ ተቦርቡሮ የተዘጋጀ ጣውላ ይቀመጣል፤ ቻኩም በእርሱ ላይ ያርፋል። ጣውላው የሠራተኛውን ጣት ከመጨፍለቅ፣ ሐዲዱንም ከመሰበር ያድናል። ዋጋው ግን ከዕንጨት ቁራጭ ዋጋ አይበልጥም። ከፍ ያለ ክብደት ላለው ማንሻ ያስፈልጋል፤ «ሁለት ሆነን እናነሣዋለን» የሚለው ልማድ ወገብን የሚጎዳ ነውና ሊቀር ይገባል።

ቀጥሎ የዘንጉ ጫፍና የቻኩ ጀርባ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋሉ፤ ከዚያም በጣት ይዳሰሳሉ። ይህን ትንሽ ሥራ የሚንቅ ሰው የሚከተለውን ስሌት ይመልከት። ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር በሆነው መቀመጫ ላይ በአንድ ወገን 0.02 ሚሊ ሜትር የምትሆን የብረት ብናኝ ተኝታ ብትገኝ፣ ከቻኩ 200 ሚሊ ሜትር ርቆ ያለው የሥራው ጫፍ 0.04 ሚሊ ሜትር ይዛነፋል፤ ሥራው ሲዞርም መለኪያው የዚህን እጥፍ ያነባል። ደንበኛው «ልኩ አልመጣልኝም» ብሎ የሚመልሰው ዕቃ ብዙ ጊዜ መነሻው በዓይን የማትታይ ብናኝ ናት።

በካምሎክ ዓይነት ካስማዎቹ ከገቡ በኋላ እያንዳንዱ ካም በቁልፉ ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም ባንድ ጊዜ ሳይሆን እየተፈራረቀ ነው። ካሙ ሲጠብቅ በላዩ ያለው መስመር በዘንጉ ላይ በተቀረጹት ሁለት ምልክቶች መካከል መቆም አለበት፤ ይህም በሰዓት አቆጣጠር ቢታሰብ ቆጣሪው በ3 እና በ6 ቁጥሮች መካከል እንደሚቆም ነው። ከዚያ ውጭ ከቆመ ካስማው በልኩ አልገባም ማለት ስለ ሆነ፣ ቻኩ ወርዶ ካስማው አንድ ዙር እንዲገባ ወይም እንዲወጣ ተደርጎ ይስተካከላል። በጉልበት ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም። ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ደግሞ ቻኩ በእጅ ተዙሮ ይገባል እንጂ በሞተር ኃይል አይገባም፤ አይወጣምም። እንዲህ ያለው ማሽን በኋሊት ቢዞር ወይም በድንገት ፍሬን ቢይዝ ቻኩ ራሱን ፈትቶ ሊወድቅ እንደሚችል ሠራተኛው ሁሉ ሊያውቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የቻኩ ቁልፍ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ቁልፉ በቻኩ ላይ ያለው እጅ ጨብጦት ሳለ ብቻ ነው። እጅ ከቁልፉ ከመለየቱ በፊት ቁልፉ ከቻኩ ይለይ። ስፋቱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ቻክ በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያኽል ይሮጣል፤ ይህም በቀለበት መንገድ ላይ የሚከንፍ ሚኒባስ ፍጥነት ነው። በቻኩ ላይ የተረሳ ቁልፍ በዚያ ፍጥነት ከሰው ፊት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይወረወራል።

በከተማችን ይህን ጉዳይ የሚያከብደው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፤ ሠራተኛው ሥራውን ለማየት ቻኩን በቁልፍ ይፈታና ወደ ውጭ ይወጣል። ማሽኑ ኮንታክተር የሌለው ወይም በቀጥታ ማብሪያ የተገጠመለት ከሆነ፣ መብራቱ ሲመለስ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሣል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚደረገው ማብሪያውን ማጥፋት ነው። ባለቤቱም ኃይል ከተቋረጠ በኋላ ሰው ካልጫነው በቀር የማይነሣ ኮንታክተር እንዲገጠም ማዘዝ አለበት። በጸደይ ሽቦ ተገፍቶ በራሱ የሚወጣ የቻክ ቁልፍም ስለሚገኝ፣ ከዕቃው ጋር አብሮ ቢታዘዝ መልካም ነው።

ስለ አያያዙም ጥቂት እንጨምር። መንጋጋው ከቻኩ አካል ከርዝመቱ ሲሶ በላይ ወደ ውጭ እንዲወጣ አይገባም፤ ለሰፊ ሥራ የተገለበጠው መንጋጋ ይገጠም። ከስፋቱ ሦስት እጥፍ በላይ ወደ ውጭ የሚረዝም ብረት ከጫፉ በኋላ መደገፊያ ይያዝ። በቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘምና በመዶሻ መምታት ጥርሱን ይሰብራል። በቻኩ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ልክ አይታለፍ፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መንጋጋዎቹን ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ አያያዙም በዚያው መጠን ይላላል። በሚዞር ማሽን ፊት የጨርቅ ጓንት፣ ሰፊ እጅጌ፣ ሻርፕና ከረባት አይለበሱም፤ የዓይን መነጽር ግን አይለይም።

አራተኛው ጥንቃቄ ጥገናው ነው። በየቀኑ ማታ ፍቅፋቂው በብሩሽ ይጠረጋል፤ በአየር ግፊት መንፋት ብናኙን ወደ ጠመዝማዛው ሳህን ውስጥ ይሰዳል፣ ዓይንንም ይጎዳል። እንደ ሥራው ብዛት ጊዜ ተወስኖ መንጋጋዎቹ ወጥተው ቻኩ በላምባ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በስሱም ዘይት ወይም ግሪስ ይቀባል። መንጋጋዎቹ ሲመለሱ በላያቸው የተጻፉት 1፣ 2፣ 3 ቁጥሮች ከየመግቢያቸው ቁጥር ጋር እየተገናዘቡ በተራ ይገባሉ፤ ተራው ከተዛባ ቻኩ መካከሉን አያገኝም። የተሰነጠቀ አካል ወይም የተሸረፈ ጥርስ ያለው ቻክ አይበየድም፤ ከሥራ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ለባለሙያው አዲስ ነገር አይደለም። በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው ተግባረ ዕድና ከእርሱ በኋላ የተከፈቱት የሙያ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። ነገር ግን የሠለጠነው ሰው ንጹሕ ጨርቅ፣ ጣውላ፣ ዳያል ጌጅ፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ካልተሰጠው ዕውቀቱ በእጁ አይታይም። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በሉ» ሲል፣ ባለቤቱም አብሮ ሲያጣድፍ፣ የሚቀረው ጠረጋውና ምርመራው ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚህ ሥራ የፈሰሰው ሁሉ ግን ተመልሶ የሚለቀም አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ይህንኑ ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምርና የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎበታል። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላደረሰው በቀርም፣ በሥራ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ከካሳውም ሌላ የማሽኑ መቆም፣ የደንበኛው መራቅና የአንድ ባለሙያ እጅ መጉደል በሒሳብ መዝገብ ተጽፎ የማያልቅ ኪሣራ ነው።

እንግዲህ የሥራ ቤት ባለቤት የሆናችሁ ክቡራን ነጋዴዎች ሦስት ነገር ብታደርጉ ይበቃል፤ የማሽናችሁን የዘንግ ጫፍ ዓይነትና ቁጥር፣ የቻኩንም የፍጥነት ልክ በመዝገብ ጻፉ፤ የተተከለበትንና የታጠበበትን ቀን በዚያው መዝገብ አስይዙ፤ ቻክ ለሚተክለው ሠራተኛ የሚበቃውን ጊዜ ከልባችሁ ስጡ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለቶርኖ ቤትም የተነገረ ነው።