ጦስኝ፦ ሳይነቀል እንዲበዛ

ጦስኝ በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ምድር ለምድር እየተዘረጋ የሚበቅል፣ ከዓመት ዓመት የሚቆይ መዓዛማ ዕፅ ነው። ቅጠሉ ለሻይ፣ ለሽሮና ለበርበሬ ማጣፈጫ እንዲሁም ለሳል መድኃኒት ይውላል። በዘይቱ ውስጥ የሚገኙት ታይሞልና ካርቫክሮል ረቂቅ ተሕዋስያንን የመግታት ባሕርይ አላቸው፤ ይሁንና የቤተ ሙከራ ውጤት ብቻውን የሕክምናውን መጠን አይወስንም።

ለገበያ የሚቀርበው ጦስኝ በአብዛኛው ከዱር የሚለቀም ነው። ከሥሩ ሲነቀል ተመልሶ አያቆጠቁጥም፤ ከላይ ብቻ ሲታጨድ ግን ያገግማል። የተዘረጋው ግንድ አፈር ሲነካ ሥር ስለሚያወጣ፣ ቆርጦ በመትከል ማባዛት ይቻላል። የአዲስ አበባ ከፍታ ስለሚስማማው፣ በሜክሲኮ አካባቢ ባለ ሰገነት ላይ እንኳ ፀሐይ በሚያገኝና ውኃ በማያቁር ዕቃ ሊለማ ይችላል። የሁለቱ ውሑዶች ምጣኔ እንደየቦታው ስለሚለያይ ግን፣ ተመራማሪ የተከለውን ቁራጭ መገኛ ሊመዘግብ ይገባዋል።