የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት መምህራን ቅጥርና የተፈላጊ ችሎታ ክርክር፤ አመልካቾች ሊያውቋቸው የሚገቡ የሕግ ነጥቦች

በትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የመምህራን ቅጥር ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ወቅት በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት መደብ ላይ ተደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ማስታወቂያው «በጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ» ይላል፤ አመልካቹ የያዘው ዲግሪ ደግሞ «ስፖርት ሳይንስ» የሚል ነው። መዝጋቢው ሰነዱን አገላብጦ «መደቡ እርስዎን አይመለከትም» በማለት ይመልሳል። አመልካቹ የመመዝገቢያው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜም የተከለከለበትን ምክንያት የሚገልጽ አንዲት ወረቀት እንኳ በእጁ ሳይገባ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ክርክር በሕግ ዓይን እንዴት እንደሚታይና አመልካቾች መብታቸውን በምን አግባብ መጠየቅ እንደሚችሉ ያብራራል።

ተፈላጊ ችሎታ የሚመነጨው ከየት ነው?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን፣ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 25 ደግሞ ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣል። ሆኖም ሙያን የመምረጥ መብት ማለት ለማንኛውም መደብ ያለ መስፈርት የመቀጠር መብት ማለት አይደለም። መንግሥት ለሥራው የሚያስፈልገውን ትምህርት፣ ሥልጠናና ልምድ የመወሰን ሥልጣን አለው።

በዚህ ረገድ ብዙዎች ልብ የማይሉት ድንጋጌ አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2(ረ) ነው። ድንጋጌው ክልሎች የክልሉን መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ በሚመለከት ሕግ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ይሰጣቸዋል። በዚያው አንቀጽ ግን ለሥራ መደቦች የሚያስፈልጉት የትምህርት፣ የሥልጠናና የልምድ መመዘኛዎች ከአገር አቀፍ መመዘኛዎች ጋር የተቀራረቡ እንዲሆኑ የማድረግ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። በመሆኑም አንድ ክልል ለሰውነት ማጎልመሻ መምህር የሚጠይቀው መስፈርት ከሌላው ክልል በጥቂቱ መለየቱ ብቻውን ሕገ ወጥ አያደርገውም። ልዩነቱ ከአገር አቀፉ መመዘኛ እጅግ የራቀ በሚሆንበት ጊዜ ግን አመልካቹ ሊያነሳው የሚችለው ሕገ መንግሥታዊ መከራከሪያ አለው።

መመዘኛው ራሱም በዘመናት ተለዋውጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመምህራንን የትምህርት ደረጃ ከሚያስተምሩበት እርከን ጋር አያይዞ ነበር፤ ለታችኛው የመጀመሪያ ደረጃ ሰርተፊኬት፣ ለላይኛው ዲፕሎማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ዲግሪ። በኋላም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከማስተማር ዘርፍ ውጭ ያገኙ ምሩቃን ወደ ሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚገቡበት የድህረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ሥራ ላይ ዋለ። የዛሬው ክርክር ሰፊ ክፍል መነሻው ይኸው ሽግግር ነው። በአንዱ ሥርዓት የተመረቀ ሰው በሌላው ሥርዓት በተጻፈ ማስታወቂያ ሲለካ ሰነዱ ከመስፈርቱ ጋር ቃል በቃል አይገጥምም።

የዲግሪው ስም ወይስ የትምህርቱ ይዘት?

ስፖርት ሳይንስ፣ የአትሌቲክስ ወይም የእግር ኳስ አሠልጣኝነት፣ ስፖርት ማኔጅመንት፣ ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት፤ እነዚህ ሁሉ ከውጭ ሲታዩ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ አሠልጣኝ የሚሠራው ፈልገው ከመጡና ተመርጠው ከገቡ ስፖርተኞች ጋር ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ደካማውንም ጠንካራውንም፣ አስም ያለበትንም ሮጦ የማይደክመውንም ልጅ በአንድ የትምህርት ዕቅድ ማስተማር፣ መመዘንና ከጉዳት መጠበቅ ይኖርበታል። በጅምናስቲክ ክፍለ ጊዜ ተማሪውን እንዴት ደግፎ መያዝ እንዳለበት ያልተማረ ሰው ልጁን ለአንገት ወይም ለአከርካሪ ጉዳት ሊያጋልጠው ይችላል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠናን መጠየቁ በራሱ ተገቢ ምክንያት ያለው መስፈርት ነው፤ «ስፖርት ተምሬአለሁና ይበቃል» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አያስኬድም።

በሌላ በኩል፣ ማስታወቂያው «ወይም ተዛማጅ የትምህርት ዝግጅት» የሚል ሐረግ ከያዘ፣ መሥሪያ ቤቱ የዲግሪውን ርዕስ ብቻ አይቶ አመልካቹን መመለሱ አሳማኝ አይሆንም። ተዛማጅ የሚለውን ቃል በማስታወቂያው ላይ ያሰፈረው ራሱ መሥሪያ ቤቱ በመሆኑ፣ ተዛማጅነቱን መመርመርም የእርሱ ሥራ ነው። አመልካቹም በበኩሉ የትምህርት ውጤት መግለጫውን (ትራንስክሪፕት) እና የተመረቀበት ተቋም ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ የሚሰጠውን የማብራሪያ ደብዳቤ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የማስተማር ሥነ ዘዴ ኮርሶችን፣ የማስተማር ልምምድንና በሰውነት ማጎልመሻ የሚሰጡ የተግባር ኮርሶችን ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ከረጅም የቃል ክርክር ይልቅ ይረዳል።

ዲግሪያቸውን በውጭ አገር ያገኙ አመልካቾች ሌላ ጉዳይ አለባቸው። የውጭ የትምህርት ማስረጃ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ከሆነ የምዝገባው ጊዜ ማለፉ የማይቀር ነው። የአቻ ግምቱን አስቀድሞ ማሠራት ይመከራል።

በውድድሩ መሐል መስፈርት መለወጥ፤ የሐሪያና ጉዳይ

የመምህራን ቅጥር መስፈርት በአግባቡ ባይያዝ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከሚያሳዩ የውጭ አገር ተሞክሮዎች ዋነኛው የሕንዷ ሐሪያና ግዛት ጉዳይ ነው። የግዛቲቱ የሠራተኞች መራጭ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ለ1,983 የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪዎች የቅጥር ማስታወቂያ አወጣ። አመልካቾች የጽሑፍ ፈተና እንደሚሰጥ ተነግሯቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ፈተናው ቀረና የምርጫው መስፈርት ተለወጠ፤ ለቃል ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ተሰጠ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ሆኖ የተመረጡት ሥራ ጀመሩ።

ያልተመረጡት አመልካቾች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ምርጫውን ሻረው። ጉዳዩ በይግባኝ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ሽረቱ ጸና። ከውሳኔው ምክንያቶች አንዱ ትኩረት የሚስብ ነው። መስፈርቱን የለወጠው ውሳኔ በሕጉ ሥልጣን የተሰጠው ኮሚሽን በጉባኤ ያሳለፈው መሆኑ አልተረጋገጠም፤ የሰብሳቢው ብቻ ሥራ ሆኖ ተገኘ። አሥር ዓመት ገደማ በየትምህርት ቤቱ ሲያስተምሩ የቆዩት መምህራን ሥራቸውን አጡ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በመስፈርቱ መለወጥ እጃቸው አልነበረበትም። ያልተመረጡትም ቢሆኑ ፍትሕ ያገኙት ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ነው።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 አምስት ዳኞች በተሰየሙበት ችሎት፣ ቅጥሩን የሚገዛው ደንብ ወይም ማስታወቂያው ራሱ ካልፈቀደ በቀር የተወዳዳሪነት መስፈርት ምልመላው ከተጀመረ በኋላ ሊለወጥ እንደማይችል አረጋግጧል።

እነዚህ ውሳኔዎች በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅነት የላቸውም። ያም ሆኖ በአገራችን ሕግም ተመሳሳይ ጥያቄ የሚነሳበት በር አለ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት የሚያወጧቸው መመሪያዎች እንዲመዘገቡና ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ ያስገድዳል። በመሆኑም አንድ የፌዴራል ተቋም «አዲስ መመሪያ ወጥቷል» በሚል አመልካችን ሲመልስ፣ መመሪያው ተመዝግቦ ይፋ መሆኑን መጠየቅ የአመልካቹ መብት ነው። በደብዳቤ ወይም በስብሰባ የተላለፈ ቃል የመመሪያን ቦታ አይተካም።

አካል ጉዳት፣ ጾታና «የሥራው ጠባይ»

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ክርክር ይህ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አስፈላጊውን ችሎታ የያዘና በውድድሩ የበለጠ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ያለ አድልዎ በመደቡ የመቀጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አዋጁ ከዚህ የሚያወጣው የሥራው ጠባይ የማይፈቅድበትን ሁኔታ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት መደብ ሲሆን አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ይህን ልዩ ሁኔታ ያለ ምርመራ ይጠቅሱታል፤ «መምህሩ ሮጦ ማሳየት አለበት» በሚል።

ይህ መልስ በቂ አይደለም። መምህሩ በእርግጥ የሚሠራቸው ተግባራት አንድ በአንድ መታየት አለባቸው፤ ዕቅድ ማውጣት፣ ማብራራት፣ መከታተል፣ ማረም፣ መመዘን፣ ደኅንነትን መጠበቅ። እንቅስቃሴን ማሳየት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በተማሪ፣ በሥዕል ወይም በቪዲዮ ሊታገዝ የሚችል ነው። አንድ እግሩ የተጎዳ አመልካች ክፍሉን በደኅና መምራት የሚችል ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ሥራው በምን ምክንያት እንደማይፈቅድ ማስረዳት አለበት። አዋጁ ለሥራው አመቺ ሁኔታ የማሟላት ኃላፊነትንም በአሠሪው ላይ ይጥላል። የማስረዳት ሸክምን በተመለከተም፣ በአካል ጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ ክስ የሚያቀርብ ሰው አካል ጉዳተኛ መሆኑን ካስረዳ በኋላ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳቱ ኃላፊነት ወደ ተከሳሹ ይዞራል። ይህን የማያውቁ አመልካቾች «ማስረጃ የለኝም» በሚል ጉዳያቸውን ሳይጀምሩት ይተዉታል።

የጾታ ጉዳይም በተመሳሳይ መልኩ ይታያል። ማስታወቂያው «ወንድ» ብሎ ባይጽፍም የቁመት ወይም የሩጫ ሰዓት ገደብ ከሥራው ጋር ግንኙነት ሳይኖረው ሲቀመጥና በውጤቱ ሴቶችን ሲያስወጣ የእኩልነት ጥያቄ ያስነሳል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በሥራ ፈላጊዎች መካከል በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ልዩነት ማድረግን ከልክለዋል። ሕጎች በየጊዜው የሚሻሻሉ በመሆኑ አመልካቹ ማስታወቂያው በወጣበት ዕለት ጸንቶ የነበረውን አዋጅ መመልከት ይኖርበታል።

ቅሬታ የት ይቀርባል?

በመጀመሪያ የሚለየው ቀጣሪው ማን እንደሆነ ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን የሚቀጠሩት በክልልና በወረዳ መዋቅር በመሆኑ፣ ጉዳያቸው የሚመራው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ ቅሬታውም ለቀጣሪው ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም ለሚመለከተው የሲቪል ሰርቪስ አካል ይቀርባል። ቀጣሪው የፌዴራል ተቋም ከሆነ ከላይ የተጠቀሰው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ተፈጻሚ ይሆናል። በአዋጁ መሠረት አመልካቹ በቅድሚያ በተቋሙ ውስጥ ያለውን የቅሬታ ሥርዓት መጨረስ አለበት፤ ከዚያ ውሳኔው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅ ይችላል። የግል ትምህርት ቤት ሲሆን ግንኙነቱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገዛል።

የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል አቤቱታዎችን ያለ ክፍያ ይቀበላል። አካል ጉዳትን ወይም ሌላ አድልዎን የሚመለከት አቤቱታ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ሊቀርብ ይችላል። ይሁንና ወደ እነዚህ ተቋማት መሄድ ለፍርድ ቤት የተቀመጠውን የጊዜ ገደብ ያስቆማል ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መሥሪያ ቤቱ አመልካቹን ያልመዘገበበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው በማመልከቻ ሆኖ በመዝገብ ቤት ገቢ መደረግ፣ ቀሪው ቅጂም ቀንና ማኅተም አርፎበት በአመልካቹ እጅ መቆየት አለበት። መልስ ባይሰጥ እንኳ ይህ ቅጂ መጠየቁን ያስረዳል። የማስታወቂያው ፎቶ ግራፍም ከሰሌዳው ላይ ሳይነሳ መወሰድ ይኖርበታል፤ የወጣበት ቀን፣ የመደቡ መጠሪያና የተፈላጊ ችሎታው ሙሉ አገላለጽ በግልጽ የሚነበብ መሆኑን በዚያው ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ማስታወቂያው ከተነሳ በኋላ «ተዛማጅ» የሚለው ቃል ነበረበት አልነበረበትም በሚለው ላይ የሚነሳውን ክርክር የሚፈታው ይኸው ፎቶ ነው።