ለዲጂታል አገልግሎት የሚሆን ስልክ አመራረጥ፦ በሁለት መካከለኛ ዋጋ ባላቸው ስማርት ስልኮች ንጽጽር የተዘጋጀ ማብራሪያ

ቀደም ሲል በመስኮት ፊት ተሰልፎ ይገኝ የነበረ በርካታ የመንግሥት አገልግሎት ዛሬ በእጅ ስልክ የሚጠየቅና የሚከፈል ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ የፍጆታና የአገልግሎት ክፍያዎች በስልክ መፈጸማቸው እየተለመደ መጥቷል፤ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። በዚህም ምክንያት ስማርት ስልክ መነጋገሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የባለቤቱን ማንነት፣ ገንዘብና ሰነድ በአንድነት የያዘ ዕቃ ሆኗል። አንድ ቤተሰብ የብዙ ወራት ቁጠባውን አውጥቶ የሚገዛው ይህ ዕቃ ያለ በቂ መረጃ ሲመረጥ ጉዳቱ ከዋጋው በላይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ማብራሪያ ተገልጋዮች መካከለኛ ዋጋ ካላቸው ስልኮች መካከል ሲመርጡ ምን ማመዛዘን እንደሚገባቸው በተጨባጭ ምሳሌ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ለምሳሌነት የተወሰዱት ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ34 5ጂ እና ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16 የተባለው የ4ጂ ስልክ ናቸው። ሁለቱም የአንድ አምራች ውጤቶች በመሆናቸው ንጽጽሩ ከምርት ስም ፉክክር የራቀ ነው። የተጠቀሱትም ለማስተማሪያነት እንጂ ግዙ ወይም አትግዙ ለማለት አይደለም፤ የአመዛዘን ስልቱ ለማንኛውም አምራች ስልክ ይሠራል።

1. ሁለቱ ስልኮች የሚመሳሰሉባቸው ነጥቦች

ሁለቱም ባለ 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ አላቸው፤ ሁለቱም እስከ 25 ዋት በሚደርስ ኃይል ይሞላሉ። የሁለቱም ስክሪን አሞሌድ የተባለው ዓይነት ሲሆን ጽሑፍን በጥራት ያሳያል። የፊት ካሜራቸው 13 ሜጋ ፒክሰል ነው። ሁለቱም 128 ወይም 256 ጊጋ ባይት የማስቀመጫ ቦታ ይዘው ቀርበዋል። በሁለቱም ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያለ ችግር ይነበባል፤ በአማርኛ ለመጻፍ የሚያስችል የቁልፍ ሰሌዳም መጫን ይቻላል።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚቀር አንድ ጉዳይ አለ። በባለ ሁለት ሲም ዓይነታቸው ሁለቱም ስልኮች ሁለተኛውን ሲም ካርድና ሜሞሪ ካርዱን የሚያስቀምጡት በአንድ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ሲም በአንድነት መጠቀም የሚፈልግ ሰው ሜሞሪ ካርድ መጨመር አይችልም። እንዲህ ያለ ተጠቃሚ ከመጀመሪያውኑ 256 ጊጋ ባይት ያለውን ቢመርጥ ይበጀዋል።

2. የሚለያዩባቸው ነጥቦች

ሀ) ፍጥነት፦ ኤ34 የተሠራው ዳይመንሲቲ 1080 በተባለ ማቀናበሪያ ሲሆን ኤ16 ሄሊዮ ጂ99 የተባለውን ይጠቀማል። የመጀመሪያው የላቀ ጉልበት አለው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ቪዲዮ ሲቀናበር፣ ከባድ ጨዋታ ሲከፈት ወይም ብዙ መተግበሪያዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ነው። ቅጽ ለመሙላት፣ ሰነድ ለመላክና ክፍያ ለመፈጸም ኤ16 በቂ ነው። በዚህ ላይ የራም መጠን መታየት ይኖርበታል። ኤ34 ባለ 6 ወይም ባለ 8 ጊጋ ባይት ራም ሆኖ ሲቀርብ፣ ኤ16 ባለ 4 ጊጋ ባይት የሆነም አለው። ለረጅም ዓመታት አገልግሎት የሚፈለግ ስልክ ከ6 ጊጋ ባይት ባያንስ ይመረጣል። በአንዳንድ ስልኮች ማስታወቂያ ላይ «4+4» ተብሎ የሚጻፈው ሁለተኛው ቁጥር ከማስቀመጫ ቦታ ላይ በብድር የሚወሰድ እንጂ እውነተኛ ራም አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ለ) ካሜራ፦ የኤ16 ዋና ካሜራ 50 ሜጋ ፒክሰል፣ የኤ34 ደግሞ 48 ሜጋ ፒክሰል ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ኤ16 ይበልጣል ሊል ይችላል። ነገር ግን ኤ34 የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ሌንስ ስላለው ብርሃን ባነሰበት ክፍል ውስጥ የሚነሣ ፎቶ ሳይደበዝዝ እንዲቀር ይረዳል። የትምህርት ማስረጃን ወይም የልደት ምስክር ወረቀትን በስልክ አንሥቶ ለሚልክ ሰው ይህ ከሜጋ ፒክሰል ቁጥር የበለጠ ጠቀሜታ አለው። ኤ16 ያለው ሰው ሰነዱን በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ቢያነሣ ተመሳሳይ ውጤት ሊያገኝ ይችላል።

ሐ) ስክሪን፦ ኤ34 6.6 ኢንች፣ ኤ16 6.7 ኢንች ናቸው። የኤ34 ስክሪን በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ፣ የኤ16 ደግሞ እስከ 90 ጊዜ ይታደሳል። ይህ የእንቅስቃሴን ልስላሴ የሚመለከት ሲሆን በአገልግሎት አጠቃቀም ላይ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው።

መ) ውኃና አቧራ፦ ኤ34 አይፒ 67 የተባለውን ደረጃ ያሟላል፤ ይኸውም አቧራ የማያስገባና እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት የሚችል ማለት ነው። ኤ16 ያለው አይፒ 54 የተባለው ደረጃ ነው፤ ፍንጥቅጣቂ ውኃን ይቋቋማል እንጂ ውኃ ውስጥ መውደቅን አይችልም። በክረምት ከቤት ውጭ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ተጨባጭ ነው። ሆኖም ቀደም ሲል የተከፈተና የተጠገነ ስልክ ይህን ጥበቃ አጥቶ ሊሆን ስለሚችል ያገለገለ ኤ34 የሚገዛ ሰው በደረጃው ላይ ሙሉ እምነት ሊጥል አይገባም።

ሠ) ኔትወርክ፦ ኤ34 የ5ጂ ኔትወርክን ይቀበላል፤ እዚህ ላይ የተገለጸው ኤ16 ግን እስከ 4ጂ ብቻ ነው። በአገራችን የ5ጂ አገልግሎት በአዲስ አበባ ከተማ በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ነው። ገዢው በሚኖርበትና በሚሠራበት አካባቢ አገልግሎቱ መኖሩን ሳያረጋግጥ ለ5ጂ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፍል ለማይጠቀምበት ነገር እንደ ከፈለ ይቆጠራል።

3. የደኅንነት ማሻሻያ ዘመን

እስከዚህ ድረስ በተዘረዘሩት ነጥቦች በአብዛኛው የተሻለ ሆኖ የሚታየው ኤ34 ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የማይታይ፣ ነገር ግን ለዲጂታል አገልግሎት ተጠቃሚ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ መመዘኛ ግን ይቀራል።

በማንኛውም ስልክ ሥርዓት ውስጥ በየጊዜው ክፍተት ይገኛል። አምራቹ ክፍተቱን የሚደፍን ማሻሻያ እያዘጋጀ በኢንተርኔት አማካይነት ለስልኮች ይልካል። አንድ ክፍተት ታውቆ ሲደፈን መኖሩን አጥፊዎችም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ማሻሻያው የማይደርሰው ስልክ በር እንደ ተከፈተበት ቤት ይሆናል። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ባቆመበት ቀን ስልኩ መሥራቱን አያቆምም፤ በውስጡ ላለው ገንዘብና የግል መረጃ የሚኖረው አደጋ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል። የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎችም ከጊዜ በኋላ አሮጌ ሥርዓት ባላቸው ስልኮች ላይ መሥራት ሊያቆሙ ይችላሉ።

ሳምሰንግ ለኤ34 የገባው ቃል የአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ፣ ለኤ16 ደግሞ የስድስት ዓመት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ፤ ዘመኑ የሚቆጠረው ስልኩ ለገበያ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ እንጂ ገዢው ከገዛበት ቀን ጀምሮ አይደለም። ኤ34 ለገበያ የቀረበው በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ስለሆነ ዘመኑ የሚያበቃው በመጋቢት ወር 2020 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ኤ16 የቀረበው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በመሆኑ እስከ 2023 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ይደርሳል። በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያየ ገዢ በአንደኛው ላይ የቀረው ሁለት ዓመት ተኩል፣ በሌላው ላይ የቀረው አምስት ዓመት ገደማ ነበር። ከፕላስቲክ ያልወጣ አዲስ ስልክ መሆኑ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

4. ዋጋን በዓመት ማስላት

የሚከተለው ለስሌት ማሳያ ብቻ የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ኤ34 በ30,000 ብር፣ ኤ16 በ24,000 ብር ቀረቡ እንበል። በመጀመሪያ እይታ ልዩነቱ 6,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ዋጋ ለቀረው ሁለት ዓመት ተኩል ሲካፈል በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። የሁለተኛው ለአምስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 4,800 ብር ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ከሻጩ ዋጋውን ሲጠይቅ «ስልኩ ለገበያ የቀረበው መቼ ነው? ማሻሻያ የሚያገኘውስ እስከ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ሻጩ ባያውቅ መልሱን ከአምራቹ ድረ ገጽ ማግኘት ይቻላል።

5. ለማን የትኛው ይስማማል?

ስልኩን ለአራትና ለአምስት ዓመት ይዞ ለመቆየት ያሰበ፣ በዋናነትም ለክፍያ፣ ለመታወቂያ፣ ለመልእክትና ለትምህርት የሚጠቀም ሰው ባለ 6 ጊጋ ባይት ወይም ባለ 8 ጊጋ ባይት ራም ያለውን ኤ16 ቢመርጥ ይጠቀማል። ለወላጅ ወይም ለተማሪ የሚገዛ ሰውም እንዲሁ።

በአንጻሩ በፎቶና በቪዲዮ ሥራ የሚተዳደር፣ 5ጂ በሚገኝበት አካባቢ የሚኖር፣ ለዝናብና ለአቧራ በተጋለጠ ሥራ ላይ የተሰማራ፣ ስልኩንም የማሻሻያ ዘመኑ ሳያበቃ የሚለውጥ ሰው ለኤ34 ተጨማሪ ቢከፍል አግባብነት አለው።

6. ከመክፈል በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች

• *#06# በመደወል የሚታየውን ባለ 15 አኃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ። የማይመሳሰል ከሆነ አይግዙ።

• የእርስዎን ሲም አስገብተው ይደውሉ፤ ኢንተርኔትም ይክፈቱ። ከውጭ አገር በሰው እጅ የመጣ ስልክ በዚያ አገር የቴሌኮም ድርጅት የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ይህ ከአሜሪካ ለሚላኩ ስልኮች በተለይ ያጋጥማል፤ ስልክ ሊልክልዎ ያሰበ ዘመድ ካለ ያልተቆለፈ እንዲገዛ አስቀድመው ይንገሩት።

• ያገለገለ ስልክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የጉግል ሒሳቡን ከስልኩ ላይ በፊትዎ እንዲያወጣ ይጠይቁ። ሒሳቡ ሳይወጣ የጸዳ ስልክ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ ለገዢው የማይሠራ ሆኖ ይቀራል፤ የተሰረቀ መሆኑንም ሊያመለክት ይችላል።

• በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ክፍል ገብተው የሞዴሉን ስም እና የመጨረሻውን የደኅንነት ማሻሻያ ቀን ይመልከቱ።

• ቻርጀር በካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ፤ ከሌለ ዋጋውን በሒሳብዎ ውስጥ ያስገቡ።

7. የሸማቹ መብት

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ሻጩም ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝ ሸማቹ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ያለ ደረሰኝ ትንሽ ቅናሽ አግኝቶ የገዛ ሰው ይህን መብቱን ለማስከበር ማስረጃ ያጣል። ስለዚህ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀብለው ከካርቶኑ ጋር ያስቀምጡ።

8. ከግዢ በኋላ

ስልኩን እንደ ገዙ የስክሪን መቆለፊያ ያብጁ፤ የሚደርሱትን ማሻሻያዎች ሳያዘገዩ ይጫኑ፤ መተግበሪያዎችን በመልእክት ከሚላክ አድራሻ ሳይሆን ከስልኩ የመተግበሪያ መደብር ብቻ ያውርዱ። የአይኤምኢአይ ቁጥሩን ከስልኩ ውጭ በወረቀት ይጻፉ። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ሳይዘገዩ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 ወይም ወደ ሳፋሪኮም በ700 ከሌላ ስልክ ደውለው ሲም ካርዱን ያዘጉ፤ ለባንክዎም ያሳውቁ። የቀድሞውን ስልክ ለሌላ ሰው ሲሰጡ ወይም ሲሸጡ ሒሳቦችዎን አውጥተው ሙሉ በሙሉ ያጽዱት።

በመጨረሻም የትኛውም ስልክ፣ ማሻሻያው የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ የሚስጥር ቁጥሩን ለሌላ የነገረን ሰው አይጠብቅም። ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የባንክ ሠራተኛ የተገልጋይን የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በአጭር መልእክት የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ደውሎ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልዎ ንግግሩን አቋርጠው በሚያውቁት የተቋሙ ቁጥር ራስዎ መልሰው ይደውሉ።